ከፍራንክፈርት እስከ ሮም አንድ ሰዓት ከሃምሳ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ ለሠርካዲስ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ወሬ ላርም። «ዘርፈሽዋል ከእህቷ ጋር ተኳርፋ ነው ሮም የማትሄደው» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተጀምሮ አንቺ ዘንድ ፍራንክፈርት ድረስ መድረሱን ካለፈው ደብዳቤሽ ተረዳሁ። ሐሰት ነው። ከአያልነሽ ጋር ተኳርፈን አናውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት አልተያየንም። መኳረፍና አለመተያየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወሬኞቹ ልዩነቱን ባያውቁ አይገርመኝም፤ አንቺ ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠሽ የተማርሽ ሰው ስለሆንሽ እዚያው ማረም ነበረብሽ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔ ቀኝ ጉልበት ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ መውጣት ችሏል፤ መውረዱን ገና አልለመደም።

ወደ ጉዳያችን ልግባ። በስልክ ስነግርሽ ግማሹን በሳቅ ግማሹን በልቅሶ ስለምታልፊው አሁን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ ስታነቢ አታቋርጪኝም። ወንድማችን ወልደየስ ጥር 20 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ዐረፈ። እኔ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተረዳሁ። አቶ ግዛውና ሦስት የእድራችን ሰዎች በሬን አንኳኩ፤ በዚያ ሰዓት አራት ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለምና ገና ሳልከፍት ገባኝ። እንደ ሥርዓቱ ነው የተነገረኝ። አንደኛው በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ ምንጣፌ ላይ ከመቆሙ በቀር ቅሬታ የለኝም።

ለአያልነሽ ግን እስካሁን አልተነገራትም። እንዳይነገራት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰባ አንድ ዓመት የሞላት፣ ደም ግፊት ያለባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት መርዶ በስልክ አትሰማም። ሰው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ኖሮ ነው የሚነገራት። ስለዚህ ሮም ላሉትም ደብረ ብርሃን ላሉትም «እኔ እስክደርስ ማንም እንዳይተነፍስ» አልኩ። ያን ስል ፓስፖርቴ ጊዜው ማለፉን አላየሁም ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም። አዲሱ የደረሰኝ ባለፈው ዓርብ ነው፤ አርባው ደግሞ በማግስቱ የካቲት 29 ወጣ።

አሁን ጊዜ የለንም። አያልነሽ ለፋሲካ ወልደየስ ዘንድ ድንገት ልትደርስበት ትኬት መቁረጧን፣ ሚያዝያ 5 እንደምትሳፈር የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። የሞተ ወንድሟን በር «ደረስኩልህ» ብላ ልታንኳኳ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ፊቷ ተቀምጦ ሊነግራት ይገባል። ለዚህ ነው አንቺ ሄደሽ ንገሪያት ያልኩሽ። ምላሽሽ «ሩቅ ነው፣ ቀኔን ሙሉ ይበላዋል» የሚል ሆነ።

ሩቅ አይደለም። አትላሴን አውጥቼ፣ ወይዘሪት አስካለ እንዳስተማረችን ክር ዘርግቼ ለካሁ፤ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር መጣ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ አየሁ፤ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ይላል። የሦስቱ ኪሎ ሜትር ስሕተት የክሩ ውፍረት ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። በመኪና አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን በመኪና ሂጂ ያለሽ የለም። እኔ ከዴንቨር አንቺ ዘንድ ለመድረስ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል በዚህ ጉልበት ተቀምጬ መቆየት አለብኝ። አንድ ሰዓት ከሃምሳና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሩቁ የቱ እንደሆነ የምትጠይቂኝ ከሆነ ወይዘሪት አስካለ ልፋቷ ከንቱ ነበር።

መልስሽን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የእኔን ገጾች በስልክ አንሥቼ ልኬልሻለሁ፤ ዋናው በፖስታ ይከተላል።

ዘርፈሽዋል


ፍራንክፈርት
መጋቢት 4 ቀን 2017

ዘርፌዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጥፍሬንም አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም ታስፈሪኛለሽ።

ስለ ወሬው ይቅርታ። ለነገሩ የነገረችኝ ሴት ጨምራ «ዘርፈሽዋል አውሮፕላን ትፈራለች» ብላኝ ነበር፤ ያንን አልጻፍኩልሽም፣ ውለታ ቁጠሪልኝ።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው ካልሽ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ይሁን። እኔ ሮምን መች አውቃትና! አርባ አራት ዓመት አውሮፓ ተቀምጬ ሮምን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሪብኝ። መንገዱን አላውቅ፣ ቋንቋውን አልችል፣ ማን ይዞኝ ይዞራል? ደግሞስ መርዶ በአውሮፕላን ርዝመት ይለካል እንዴ? እኔ ጓደኛ ነኝ። አንቺ ታላቋ ነሽ፣ የአንድ እናት ልጅ ነሽ። እኔ ሄጄ ብነግራት «እትዬስ የት አለች?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? «አትላስ ይዛ ኦሮራ ተቀምጣለች» ልበላት?

ነይ። ብቻ ነይ። ፓስፖርቱም መጣ፣ ጉልበቱም ደረጃ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ከፀሐይ በፊት ነው እያልሽ በስልክ የምትነግሪኝን ደግሞ ተዪው። በቀን ብትደርሺ ምን ይሆናል? በምሳ ሰዓትም ድረሺ፣ በማታም ድረሺ። ዋናው መድረስሽ ነው።

አያልነሽ ደኅና ናት፤ በስልክ እንገናኛለን። ትናንት «እትዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ትኬቷ እንዳለ ነው፣ ሚያዝያ 5። ስለዚህ ቶሎ ነይ።

የምትወድሽ ሠርኬ


ኦሮራ
መጋቢት 7 ቀን 2017

ለሠርካዲስ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ያነሣኋቸው ነጥቦች አራት፣ የመለስሽው አንድ፤ እሱም ያልጠየቅኩሽን ነው።

«በቀን ብትደርሺ ምን ይሆናል» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ሆነሽ ሠላሳ ዓመት የሠራሽ ሰው ነሽ። መርዶ ጎህ ሲቀድ የሚነገረው ለጌጥ አይደለም። ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ደግሞም ለማልቀስ ቀኑ ሙሉ ከፊቱ እንዲሆንለት ነው። ይህ አንቺን እንዴት ጠፋሽ?

አሁን ደግሞ ዓርብ ዕለት የደረሰብኝን ስሚ። ልጄ ጣሰው ከቅዳሴ በኋላ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው ቤቴ መጣ። አቶ ግዛውም አብረውት ገቡ። ጣሰው ገና ሳይቀመጥ፣

«እማዬ፣ ፍራንክፈርት ድረስ ቡክ አድርጌልሻለሁ፤ ለመጋቢት 18። ከዚያ ሮም እዛው ነው» አለኝ።

«እዛው ማለት ስንት ነው?»

«እዛው ነዋ! ከዚህ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ እንደ መሄድ በዪው።»

«ኮሎራዶ ስፕሪንግስ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ሮም ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ነው።»

«በፕሌን እኮ ነው እማዬ። ትንሽ ሪላክስ አድርጊ።»

«አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ኤርፖርት የምታመላልስ ሾፌር ነህ። ተሳፋሪህ ‹ኤርፖርት አድርሰኝ› ሲልህ ቦልደር ከተማ ላይ አውርደህ ‹እዛው ነው› ትለዋለህ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ «ከፍራንክፈርት ባቡርም አለ» አለ፤ ሳያውቅ እንደተናገረ ከፊቱ አየሁ። አይቼለታለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠጋል፣ ማቀያየርም አለው።

አቶ ግዛው በዚህ መሀል ፌስታል ፈትተው የቪታሚን ጠርሙስና የሕፃን ጫማ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። የእህታቸው ልጅ መቅደላዊት ወልዳለች።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ፍራንክፈርት ከደረሱ አይቀር ይህቺን ያደርሱልኛል። ሐምቡርግ ናት።»

«ሐምቡርግ ከፍራንክፈርት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ አቶ ግዛው።»

«አዎ፣ ጀርመን ውስጥ ነው።»

«እርስዎ ዳቦ ለመግዛት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ግራንድ ጃንክሽን ይሄዳሉ?»

ትንሽ አሰቡና «አይ፣ እዚህ ኪንግ ሱፐርስ ሱፐርማርኬቱ አለ እኮ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

እስኪመሽ ድረስ አምስት ፌስታል ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ለስቶክሆልም ነው። እነዚህ ሰዎች የኮልፋክስ ጎዳናን መብራት ሁሉ ከነቀለሙ ያውቁታል፤ አውሮፓን ግን አንድ ግቢ ያደርጓታል። ትናንት አምስቱንም ጣሰው መኪና ላይ አስጭኜ ለየባለቤቱ መለስኩ። አቶ ግዛው ቅር ብሏቸዋል። ይበላቸው።

የባሰው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። አቶ ግዛው «ጎህ ሲቀድ ካልተነገረ መርዶ አይባልም» ብለው ሲሟገቱ በዚያ ብቻ ተስማማሁ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። የእኔ አውሮፕላን ፍራንክፈርት የሚያርፈው ረፋዱ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተሳፍሬ ሮም ብገባ ምሽት ይሆናል። ጎህ እስኪቀድ እህቴ ባለችበት ከተማ፣ ከእህቴ ተደብቄ ሆቴል ማደር አለብኝ። ወይም አንቺ ዘንድ አድሬ በመጀመሪያው በረራ ልነሣ፤ ያኔ ደግሞ ሮም የምደርሰው ፀሐዩ ከወጣ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ንጋት ላይ ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ንጋት ላይ ሮም የሚያርፍ አውሮፕላን የለም። አንድ ሰዓት ከሃምሳዋ ለዚህ ትበዛለች። ጣሰው ይህን ሳሳየው «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ደውዪላት» አለኝ። ከቤቴ አስወጣሁት።

እንግዲህ ይህን መልሺልኝ፤ የልጆችሽ ጓደኛ ይሁን የጎረቤት ልጅ፣ ሮምን ከሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ከአውሮፕላን ከተወረደ በኋላ አያልነሽ በር ለመድረስ በትክክል ስንት ሰዓት ይፈጃል? ግምት አልፈልግም። ስትደውዪ ደግሞ ልብ በዪ፤ እኛ ሰዓት ቀይረናል እናንተ አልቀየራችሁም፣ እስከ መጋቢት 21 ልዩነታችን ስምንት ሳይሆን ሰባት ሰዓት ነው። ትናንት ስትደውዪ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

ዘርፈሽዋል


ፍራንክፈርት
መጋቢት 9 ቀን 2017

ዘርፌዬ፣

ስለ አቶ ግዛው ያነበብኩትን ለጎረቤቴ ተርጉሜላት ሁለታችንም አለቀስን፤ በሳቅ ነው። ሽማግሌውን ግን አታስቀይሚያቸው።

የጠየቅሽኝን አጣርቼ ይኸው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ የሚለው በወረቀት ላይ ነው። በአየር ላይ የምትቆዪው አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ብቻ ነው፤ ቀሪው ሜዳው ላይ መንከላወስ ነው። ተራሮቹ ሲያልቁ ውኃ ያድሉሻል፣ ብርጭቆውን ሳትጨርሺ ይቀበሉሻል። በግራ በኩል ተቀመጪ፤ በቀኝ ፀሐዩ ዓይን ያወጣል። ከወረድሽ በኋላ መሄጃው ረጅም ነው፣ ለጉልበትሽ ተሽከርካሪ ወንበር እዘዢ። ከዚያ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ አንድ አውቶቡስ። ሁለተኛውን አውቶቡስ አትጠብቂ፣ አይመጣም፤ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ወንበር አስቀምጠዋል፣ ዐረፍ በዪበት። የታችኛዋ ሴትዮ ውሻ ይጮኻል እንጂ አይነክስም። በጠቅላላው ከአውሮፕላኑ በር እስከ እሷ በር ሁለት ሰዓት ተኩል ያዢ።

ስለ ጎህ አትጨነቂ ብዬሻለሁ። ሆቴል ተደብቆ ማደር ምን የሚሉት ነው? በቀጥታ ወደ ቤቷ ግቢ።

ሠርኬ


ኦሮራ
መጋቢት 11 ቀን 2017

ለሠርካዲስ፣

መጋቢት 4 ቀን «ሮምን በዓይኔ አይቼ አላውቅም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ደብዳቤው ፊቴ ነው።

አየር ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት እንደሚቆይ የጊዜ ሰሌዳ አይጽፍም። ሰሌዳው የሚጽፈው ከበር እስከ በር ያለውን ነው፤ ሌላውን የሚያውቀው ሰዓቱን እያየ የተቀመጠ ሰው ነው። በየትኛው ወገን ፀሐይ እንደሚመታ ጎረቤት አያጣራልሽም። የሁለተኛው ፎቅ ወንበር፣ የውሻው ጠባይ፣ በእግር ስምንት ደቂቃ። ስምንት! «አሥር ደቂቃ ያህል» አላልሽም። ዕድሜሽን ሙሉ ቁጥር አጠጋግተሽ የምትናገሪ ሴት በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ትክክለኛ ስትሆኚ እኔ የማላስተውል ይመስልሻል?

ደግሞም አያልነሽ በገና ካርዷ ላይ ሊፍቱ ተጠግኖ እፎይ ማለቷን ጽፋልኛለች። ስለዚህ የተበላሸው ከገና ወዲህ ነው፤ አንቺም የሄድሽው ከገና ወዲህ ነው። ወልደየስ ያረፈው ጥር 20 ነው፤ እስከዚያ ሳምንት ደግሞ ጉንፋን ይዞሽ ከቤት እንዳልወጣሽ አንቺው ጽፈሽልኛል።

ከወልደየስ ሞት በኋላ እህቴ ቤት ገብተሻል። ከዚያም ወጥተሽ «ሩቅ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከአንቺ ጋር ከተዋወቅን ስድሳ ሁለት ዓመት ነው፤ ላደረግሽው ነገር ምክንያት ሲጠፋኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ጻፊልኝ። መቼ ሄድሽ? አያልነሽ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ከዚህ ውጭ ስለ ጤናዬም ስለ በረዶውም አንድ መስመር አልፈልግም። ስልክም አትደውዪ። አላነሣም።

ዘርፈሽዋል


ፍራንክፈርት
መጋቢት 13 ቀን 2017

ዘርፈሽዋል፣

ጥር 24 ሄድኩ። ታውቃለች።

እነዚህን ሁለቱን ብቻ ጠይቀሽኛል፤ እኔ ግን የቀረውንም እጽፋለሁ፣ ካስቆጣሽ ቅደጂው።

አያልነሽ የሰማችው ጥር 22 ነው። የአጎታችሁ ልጅ ፍፁም የወልደየስን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ አየችው። መውረጃዋ ሳይደርስ ወረደች፤ የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። ማታውን ደውላ ነገረችኝ። በማግስቱ ቲኬት ፈለግሁ፣ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። አምስት ቀን ተቀመጥኩ። ሁለታችን ብቻ አለቀስን፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍተን።

ያን ጊዜ ያንቺ ትእዛዝ ደረሰ። «እኔ እስክደርስ ማንም እንዳይነግራት።» ልደውልልሽ ስልኩን አንሥቼ ነበር። እጄን ያዘችኝ። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ አንቺ እንደዚያ ነው የምትወጂው። «ተዪ ሠርኬ። እትዬ መርዶ ካላት ትመጣለች። መርዶ ከሌላት ደብዳቤ ትጽፋለች።»

ሃያ ሰባት ዓመት ስትጠብቅሽ ያቀረብሽላትን ምክንያት በቅደም ተከተል ታውቀዋለች። ግሪን ካርዱ፣ ከዚያ የጣሰው ጋብቻ፣ ከዚያ ሥራው፣ ከዚያ የልጅ ልጆቹ፣ ከዚያ ኮቪዱ፣ ከዚያ ጉልበቱ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ውሸት የለውም። ለዚህ ነው መልስ ያጣችለት።

የሚያዝያ 5 ትኬት የለም። እኔና እሷ ነን የፈጠርነው፤ ቀን ከሌለው እንደማትንቀሳቀሺ እናውቃለን። አንቺ ሂጂ ንገሪያት ስትዪኝ ሩቅ ነው ያልኩትም ለዚሁ ነው። ነግሬያታለሁ ብልሽ ትቀሪያለሽ።

አንድ ነገር ግን አላሰብንም ነበር፤ ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። ካልሰማች ጥቁር አትለብስም። ሮም ያሉት ሰዎች ትእዛዝሽን ጠብቀው ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወሬ ያቆማሉ፤ እሷም እንዳልገባት ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች። አርባውን ቤቷ ተቀምጣ ብቻዋን አወጣችው። ይኸው ሃምሳ አንድ ቀን ሆነ፤ በሯን አንድ ሰው ለለቅሶ አላንኳኳም። ከአሥር ቀን በፊት በስልክ «ሠርኬ፣ ትመጣ ይሆን እንጂ እኔ እየደከምኩ ነው» አለችኝ። ለዚህ ነው በቀንም በማታም ነይ ያልኩሽ።

አሁን የፈለግሽውን በዪኝ።

ሠርካዲስ


ኦሮራ
መጋቢት 15 ቀን 2017

ለሠርካዲስ፣

ደብዳቤሽን ትናንት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ መልስ ጽፌ ቀደድኩት፤ ሦስት ገጽ ነበር፣ ሁሉም ስድብ ነው፣ በሥርዓት የተጻፈ። ይህ ሁለተኛው ነው።

ተቆጥቻለሁ፤ ይህ ይታወቅልኝ። ሁለት ያረጁ ሴቶች ተማክራችሁ የሐሰት ትኬት ፈጥራችሁ እንደ ልጅ አሯሯጣችሁኝ። በካርታ ላይ ክር ስዘረጋ፣ የንጋቱን ሰዓት ስደምር ስቀንስ፣ አንቺ ፍራንክፈርት ተቀምጠሽ «አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው ካልሽ ይሁን» ትዪኛለሽ። ፍፁም ላይም ተቆጥቻለሁ፤ ለእሱ ለብቻው እጽፍለታለሁ። ጣሰው ላይም ተቆጥቻለሁ፤ ጉዳዩን ስነግረው «ታዲያ እማዬ፣ ለምን ሃያ ሰባት ዓመት አልሄድሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። ምክንያቶቼን ልዘረዝርለት ጀመርኩ። ግሪን ካርዱ ብዬ፣ የአንተ ጋብቻ ብዬ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ አቆምኩ። በአያልነሽ ቅደም ተከተል እየዘረዘርኩ መሆኔን ሰማሁት።

ትእዛዙ የእኔ ነበር። ሥርዓት ጠበቅኩ ብዬ እህቴን ሃምሳ ሦስት ቀን ያለ ለቀስተኛ አስቀመጥኳት። ደም ግፊቷን የጠበቅኩላት መስሎኝ ነበር። በዚህ ላይ ማስተባበያ የለኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን ታደርጊያለሽ፤ ዛሬውኑ። ለአያልነሽ ደውዪና ማወቋን እንዳወቅኩ ንገሪያት። ጥቁሯን ትልበስ። ሮም ላሉት ሰዎች እኔው ራሴ መልእክት እሰዳለሁ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ በሯን ያንኳኩ፣ እንደ ሥርዓቱ ይቀመጡላት፣ ያልቅሱላት፣ ድንኳን የሚያስፈልግ ከሆነም ይትከሉላት። እኔን አይጠብቁ። ሰው መጥቶላት እርሟን ታውጣ።

ያን ካደረጉ እኔ የምነግራት ነገር አይኖርም። አንቺም እሷም የፈራችሁት ይህንኑ ነውና ቃሌን እንዲህ ብለሽ አድርሺላት፤ አታሳምሪው፣ አትጨምሪበት። «መርዶ የለኝም። እመጣለሁ።»

ጣሰው ያስቆረጠው ትኬት መጋቢት 18 ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ ትቀበዪኛለሽ። ሮም ድረስም አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ መንገዱን አላውቀውም የሚል ሰበብ አልቆብሻል። ሮም በምን ሰዓት ብንደርስ ግድ የለኝም።

ነገ ከሁሉ አስቀድሜ ጥቁር ቀሚሴን አጥቤ እተኩሳለሁ። ከዚያ ፋርማሲ ሄጄ የሦስት ወር መድኃኒቴን በአንድ ጊዜ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ፤ አይቻልም ካሉኝ እስኪቻል ድረስ ወንበራቸው ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ኮልፋክስ ላይ ወዳለው የትኬት ቢሮ እሄዳለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካልሞላ አይለቅም። ከፍራንክፈርት ሮም ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ያዝልኝ እለዋለሁ። ከዚያ የመመለሻውን ቀን ይጠይቀኛል። አላውቅም እለዋለሁ።

ዘርፈሽዋል